ጢስንና ሙቀትን ስለ መለየት

ጅማን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዝናቧን ያውቃል። በሌላው አገር ሰማዩ ለብዙ ወራት ጠርቶ ሲከርም፥ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮ፥ በሊሙ፥ በጌራና በሰቃ ግን ዝናብ ፈጽሞ የማይጎበኘው ወር አለ ለማለት ያስቸግራል። ይህ ዝናብ ቡናውን ያበቅላል፤ ያው ዝናብ ደግሞ ቡናው ተለቅሞ በሚደርቅበት በጥቅምትና በኅዳር ሳይጠሩት ብቅ እያለ ገበሬውን ያስደነግጠዋል። ስለዚህ በዚህ አገር እሳት ከወጥ መሥሪያነት በቀር ሁለት ሥራ ይጠበቅበታል፤ ይኸውም ሰውን ማሞቅና የተሰበሰበውን ፍሬ ማድረቅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ነገር የሞቀ አየር ምድጃ የሚባለው መሣሪያ ታሪክና አሠራር ነው። ምናልባት አንባቢው «እንዲህ ያለው ምድጃ ለበረዶ አገር ነው፤ ጅማን ምን አገባት?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ከአንድ ቤት ውስጥ ብንጀምረው የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር ከጅማ ወደ አጋሮ ስንጓዝ ዝናብ ያዘንና ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት ተጠለልን። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። «ኑ ልጆቼ፥ ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ» አሉን። ጠጋ አልን፤ ነገር ግን ከሦስቱ ጉልቻዎች መካከል የሚነሣው ጢስ ዐይናችንን ስላስነባው ብዙ ሳንቆይ ወደ በሩ ሸሸን። እርሳቸውም ሣቁብን። የእርሳቸውም ዐይን ያነባ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ለመዱት እንባውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሥራቸውን አላቋረጡም። ከምድጃው በላይ በተሠራው ቆጥ ላይ ለዘር የሚቀመጥ በቆሎ ተሰቅሏል፤ ከበቆሎው አጠገብም በሰፌድ የተሰጣ ቡና አየን።

«እማማ፥ ይህ ቡና ለገበያ ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥

«የለም ልጆቼ፤ ጢስ የጠጣ ቡና ነጋዴ አይወስደውም፤ ይህ ለቤታችን ነው። የገበያው እደጅ አልጋው ላይ ነው። እርሱም ዛሬ ላስቲክ ለብሶ ተኝቷል» ሲሉ መለሱልን።

የቆጡ ቡና ሙቀት አግኝቷል፤ ጢሱ ግን አበላሽቶታል። የአልጋው ቡና ከጢስ ድኗል፤ ሙቀት ግን አጥቷል። የሞቀ አየር ምድጃን የፈለሰፉት ሰዎች የደከሙበት ነገር ሁሉ ከዚህ ወጥቶ አያልፍም፤ ሙቀቱን አስቀርቶ ጢሱን ብቻ ማስወጣት ነው።

የቀድሞው ምድጃ ጥቅሙን በማያውቁ ሰዎች ዘንድ ሲነቀፍ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኛ ግን አባቶቻችን ያለ ምክንያት ጢስ ውስጥ ተቀመጡ ብለን አናምንም። የሣር ክዳን ጢሱን ቀስ እያለ በየቀዳዳው ያሳልፈዋል፤ ጥላሸቱም ማገሩንና ወራጁን እየቀባ ከነፍሳት ይጠብቀዋል፤ በቆጡ ላይ ያለውንም ዘር ነቀዝ አይደፍረውም። ቤቱና ምድጃው እንዲህ ተስማምተው ኖሩ። በኋላ ግን ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ዝናቡን ከሣር ይልቅ ይከላከላል፤ ለብዙ ዓመትም ያገለግላል፤ ስለዚህ የቡና ገንዘብ በእጁ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቤቱን ቆርቆሮ ማልበስ ሆነ። ሆኖም ቆርቆሮ ጢስ አያሳልፍም፤ ሌሊትም ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ክዳኑ ተለወጠ፥ ምድጃው ግን እንዳለ ቀረ። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ከቀድሞው የበለጠ ጢስና ከቀድሞው የበለጠ ብርድ በአንድነት ገዛ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አሁን ጉዳዩን ከሩቅ አገር ታሪክ አንጻር እንመልከተው። ከ2000 ዓመት በፊት ሮማውያን የመታጠቢያ ቤቶቻቸውን ወለል በአጫጭር ዓምዶች ላይ እያነጹ እሳቱን ከውጭ በኩል ያነዱ ነበር። ነበልባሉና ጢሱ በወለሉ ሥር ያልፍና ውስጣቸው ባዶ በሆነ ጡቦች በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰዎቹም ጢሱን ሳያሸቱ ሙቀቱን ያገኛሉ። ይህን አሠራር ቪትሩቪየስ የተባለው የሕንፃ ሊቅ በመጽሐፉ ገልጾታል። ኮርያውያንም ኦንዶል የሚሉት ከወለል በታች የሚሞቅ ቤት አላቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ዛሬ በፖላንድ ውስጥ የሚገኘው የማልቦርክ ግንብ ነው። በዚያ የነበሩት የጦር መነኮሳት ከአዳራሹ ሥር ባለው እቶን ላይ ድንጋይ ከምረው እሳት ያነዱበታል፤ ጢሱ በራሱ መውጫ ይወጣል። ድንጋዩ ከጋለና እሳቱ ከጠፋ በኋላ የጢሱን መውጫ ዘግተው በወለሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይከፍታሉ፤ ያን ጊዜ በጋለው ድንጋይ መካከል ያለፈ ንጹሕ አየር ወደ አዳራሹ ይገባል። ጢስንና ሙቀትን የሚለያቸው ግድግዳ ሳይሆን ሰዓት ነበር ማለት ነው።

እሳቱ ሳይጠፋ ሁለቱን ለመለየት ግን ብረት አስፈለገ። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ በስተኋላው አየር የሚያልፍበት ባዶ ሣጥን ያለው የብረት ምድጃ አውጥቶ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ጢሱ ወደ ታች ዞሮ እንዲወጣ ስላደረገው ምድጃው ጢሱን በደንብ አልስብ እያለ አስቸገረ። ጢስ ወደ ታች ውረድ ሲሉት እሺ እንደማይል የእኛም እናቶች ያውቁታል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ዊልያም ስትራት የሚባል የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት ነበረ። ይህ ሰው በመጀመሪያ ለፋብሪካው የሞከረውን ምድጃ አሻሽሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1810 በደርቢ ከተማ ለተከፈተው ሆስፒታል ሠራው። ቻርልስ ሲልቬስተር የተባለው መሐንዲስም እ.ኤ.አ. በ1819 ባሳተመው መጽሐፍ አሠራሩን ከነሥዕሉ አስረዳ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። በሕንፃው ዝቅተኛ ክፍል ከብረት የተሠራ የእሳት ቤት ይቀመጣል፤ ይህም ጢሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ የራሱ መውጫ አለው። በእሳት ቤቱ ዙሪያ ጥቂት ርቀት ተትቶ የጡብ ግድግዳ ይታነጻል። ንጹሕ አየር በምድር ውስጥ በተቆፈረ መተላለፊያ ይመጣና በብረቱና በጡቡ መካከል ይገባል፤ የጋለውን ብረት ሲነካ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይቀላል፤ ሲቀልም ያለ ማንም ገፊ ወደ ላይ ወጥቶ በየክፍሉ ይዳረሳል። በሽተኛው የሚተነፍሰው አየር እሳቱን ፈጽሞ አላየውም።

የዚህ ምድጃ ጥበብ የሚታየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ የብረቱ ገጽ ሰፊ፥ ግለቱም መጠነኛ መሆን አለበት። ትንሽ ብረት እስኪቀላ ድረስ ቢግል በአየሩ ውስጥ ያለውን አቧራ አሳርሮ ያከረፋል፤ ሰፊ ብረት በመጠኑ ቢሞቅ ግን ያንኑ ያህል ሙቀት ያለ ሽታ ይሰጣል። ሁለተኛው፥ የብረቱ መጋጠሚያ ሁሉ የተደፈነ መሆን አለበት። በአንድ ስንጥቅ ጢስ ከገባ፥ ምድጃው ቀድሞ በአንድ ክፍል ይቀር የነበረውን ጢስ ለቤቱ ሁሉ የሚያድል ይሆናል። ከዚያ በኋላ የመጣው መሻሻል ብዙ ነው፤ የኒው ጀርሲዋ አሊስ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1919 በጋዝ የሚነድ፥ የየክፍሉም ሙቀት ለየብቻው የሚመጠንበት ምድጃ በስሟ አስመዝግባለች፤ ቀጥሎም የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አየሩን ወደፈለጉት ሥፍራ ይገፋው ጀመር። መሠረቱ ግን ያው የደርቢው ነው።

እንግዲህ ወደ ጅማ እንመለስ። እኛ በየመኖሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ምድጃ ይሠራ ብለን አንከራከርም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ሲነጋ ፀሐይ አለ፤ ለሌሊቱም ጋቢ ይበቃል። ቡናው ግን እንደ ሰው ጋቢ ደርቦ አያድርም። ተፈልፍሎ የታጠበ ቡና ከክብደቱ ግማሹ ያህል ውሃ ነው፤ ተከማችቶ እንዲቀመጥ ደግሞ ውሃው ከመቶ 11 ወይም 12 እጅ እስኪሆን መድረቅ አለበት። በዚህ መካከል ሦስትና አራት ቀን ዝናብ ቢይዘው ይሻግታል፤ የሻገተውንም የኋላ ፀሐይ አይመልሰውም። ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ነግሠው በነበሩበት ዘመን በሂርማታ ገበያ ተገዝቶ በበቅሎ የሚጫነው ቡና በደንብ ካልደረቀ በመንገድ ይበላሽ ነበር። ዛሬ በቅሎው መኪና ሆኗል እንጂ የእርጥበቱ ነገር አልተለወጠም።

የጅማ ስም በዓለም ገበያ ለብዙ ዘመን በፀሐይ ደርቆ በርካሽ ለሚሸጥ ቡና መጠሪያ ሆኖ መኖሩ የሚያሳዝን ነገር ነው። ጥፋቱ የዛፉ አይደለም። በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና የገበሬዎች ማኅበር ቡናውን በጥንቃቄ አጥቦና በአልጋ ላይ አድርቆ ባቀረበ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ቡናዎች ውድድር በዳኞች ዘንድ አንደኛ ተብሏል። ዛፉ ያው ዛፍ፥ አፈሩም ያው አፈር ነበር።

ቡናን በሞቀ አየር ማድረቅ አዲስ ነገር አይደለም። የጓቴማላው ሆሴ ጓርዲዮላ በ19ኛው መቶ ዓመት ቡናው በሚሽከረከር የብረት ከበሮ ውስጥ እየተገላበጠ፥ የሞቀ አየር በመካከሉ የሚያልፍበትን መሣሪያ አውጥቶ ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራበታል። ቡና ሽታ የሚስብ ፍሬ ስለ ሆነ፥ አየሩ እንደ ደርቢው ሆስፒታል አየር ከጢስ የተለየ መሆን አለበት። የፍሬውም ሙቀት ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚሆነው በላይ እንዳያልፍ ይጠነቀቁለታል፤ አለዚያ ቡናው ሳይቆላ የተቆላ ያህል ይጎዳል። በጅማና በአካባቢዋ ግን እስከ አሁን ቡናው የሚደርቀው በአብዛኛው በፀሐይ ነው። ፀሐይ እስካለ ድረስ ከእርሱ የሚሻል የለም፤ ምድጃው የሚያስፈልገው ላስቲክ ለሚለበስባቸው ቀኖች ነው።

ምን ይነድበታል? የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። እንጨት ይሁን ቢባል፥ ቡናው የሚያድገው በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ስለ ሆነ ጥላውን ቆርጦ ፍሬውን ማድረቅ ይሆናል። አዲስ አበባ በምኒልክ ዘመን ዙሪያዋን ያለውን ዛፍ አንድዳ ጨርሳ በባሕር ዛፍ እንደ ዳነች እናስታውሳለን፤ የቡና ጥላ ግን በባሕር ዛፍ አይተካም። ደግነቱ ቡናው ማገዶውን ይዞ ይመጣል። ጀንፈል ቡና ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሹ ያህል ገለባ ነው፤ ይህም ገለባ በየመፈልፈያው ደጅ ተከምሮ ሲበሰብስና ሲሸት የማያውቅ የአጋሮ ሰው የለም። ደረቁ ገለባ በደንብ ይነዳል። ጢሱ ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ የብረቱ መደፈንና የጢስ መውጫው ቁመት ከእንጨት ምድጃ ይልቅ ያስፈልጉታል።

የማድቤቱን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ እኒያን ሴት መርሳት ይሆንብናል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ገምቷል። በአገራችን በ1990ዎቹ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ወጥቶ እሳቱን ከቦ በመያዝ ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ቀንሷል፤ የጢስ መውጫ ካልተሠራለት ግን የቀረውን ጢስ ከቤት አያወጣውም። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት ለወጡ እውነት ይሆናል፤ ለወጥ ሠሪዋ ዐይን ግን አይሠራም። ከሰል ጢስ የለውም ብለው በተዘጋ ቤት አቀጣጥለው የሚያድሩ ደግሞ የባሰ ይሳሳታሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የከሰል ጋዝ ዐይን አያስነባም፥ አያስልም፥ አይሸትም፤ እያስተኛ ይገድላል። ከሰሉ ጢሱን እንጂ መርዙን አላስወጣም።

በጅማ እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆኗል፤ ምድጃ ለመሞከር ከዚያ የተሻለ ሥፍራ አናውቅም። ሙከራውም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ባለ 200 ሊትር አሮጌ በርሜል የእሳት ቤት ይሆናል፤ በዙሪያው የጭቃ ጡብ ይታነጻል፤ የቆርቆሮ ቧንቧ ጢሱን ከጣራው በላይ ያወጣል፤ ማራገቢያም የሞቀውን አየር ወደ ቡናው አልጋ ይገፋዋል። ገለባ ከመጨመሩ አስቀድሞ ግን በርሜሉ በሌሊት፥ በውስጡ መብራት ገብቶ አፉ ተከድኖ፥ ከውጭ በኩል ዙሪያውን ይታይ፤ ብርሃን ያፈተለከበት መጋጠሚያ ሁሉ እንደ ገና ይበየድ።