ዐጸደ ቤተ ክርስቲያንና ዐጸደ ሕፃናት

ዐጸድ በግዕዝ ዙሪያው የታጠረ ቦታ ማለት ነው። ወይን ሲተከልበት ዐጸደ ወይን፥ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽበት ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው የትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤትም ዐጸደ ሕፃናት ተብሎ ሲጠራ ኖሯል፤ ይህም ስም ከሌላው ይልቅ ለነገሩ የተስማማ ነው። ፍሪድሪኽ ፍሬበል የተባለው ጀርመናዊ መምህር በ1832 ዓ.ም. በብላንከንቡርግ ከተማ ላቋቋመው ቤት ያወጣለት ስም በቋንቋው የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት ነውና። እርሱም እያንዳንዱ ልጅ ጥቂት መሬት ተለይቶለት በገዛ እጁ እንዲዘራ፥ እንዲያጠጣ፥ የዘራውም ሲበቅል እንዲመለከት ያዝዝ ነበር።

በወገራ ደጋ ግን የፍሬበል ስም ሳይሰማ፥ ከእርሱም ዘመን እጅግ አስቀድሞ፥ ሕፃናት በዐጸድ ውስጥ ይማሩ ነበር። አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ ከፍታዋም ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ብርዳም አገር ናት። በእንዲህ ያለ አገር አራትና አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ማለዳ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ ወደ ደብር ሲመጣ፥ መምህሩ በመጀመሪያ ፀሐይ የምታርፍበትን የቅጥር ጥግ፥ ፀሐዩ ሲበረታም የጽዱን ወይም የወይራውን ጥላ መርጦ ያስቀምጠዋል። ልጁም በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁ ይላል፤ የግዕዙን 26 ፊደል በሰባቱ ስልት 182 አድርጎ ከለየ በኋላ አቡጊዳን፥ መልእክተ ዮሐንስን፥ ወንጌሉን እያለ እስከ ዳዊት ይደርሳል።

እውነቱን ለመናገር መምህሩ ስለ ዕፅዋት ላስተምር ብሎ አልተቀመጠም። ሥራው ፊደል ማስቈጠር ነበረ፤ አርጩሜውም ከጎኑ አይለይም፤ ልጆቹ ከዛፉ ቀድመው ያወቁት ነገር ምናልባት ከዚያው ዛፍ የተቈረጠውን አርጩሜ ነው። ዳሩ ግን ቦታው ራሱ ያስተምር ነበር። ሰኔ 26 ቀን ክረምት ሲገባ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን ክፍል ዘርዕና ደመና ትለዋለች፤ ልጁም በዚያው ወራት አባቱ ዘር ሲበትን፥ ሰማዩም ሲጠቍር ያያል። ቀጥሎ መብረቅና ነጐድጓድ፥ ባሕርና አፍላግ እየተባለ ሲነበብ፥ ወደ ደብሩ ለመምጣት የሚሻገራት ትንሽ ወንዝ ሞልታ ታስቀረዋለች። ነሐሴ 10 ቀን የሚጀምረው ክፍል ደግሞ ዕጓለ ቋዓት፥ ማለት የቍራ ጫጩቶች ይባላል። ሊቃውንት ይህን ሲተረጕሙ፥ የቍራ ጫጩት ላባ ሳያወጣ ወላጆቹ መልኩን አይተው ይሸሹታል፥ እግዚአብሔር ግን ይመግበዋል ይላሉ። የዘመኑ የአዕዋፍ ተመራማሪዎች አባትየውም እናቲቱም ጫጩቶቻቸውን እንደሚመግቡ አረጋግጠዋል፤ ይህ ግን የትርጓሜውን ምሥጢር አያፈርሰውም። ትርጓሜውን የሰማ ልጅ ቀና ብሎ በጽዱ ጫፍ ላይ ጎጆ ይፈልጋል፤ ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት ለአምስት ዓመት ልጅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

መስከረም 26 ቀን ዘመነ ጽጌ ሲገባ፥ ውስጥ ማኅሌቱ ስለ አበባ ይቆማል፤ ከቅጥሩ ውጭ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፥ በሰኔ ሲዘራ የታየው ገብስም እሸት ይዟል። ጽጌው ኅዳር 5 ቀን ሲፈጸም፥ በሁለተኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ቤት ይከበራል። በዚህ ዓይነት ልጁ ዓመቱን በቍጥር ከማወቁ በፊት በዕድገት ያውቀው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን ባጣች ጊዜ የመምህራኑ መተዳደሪያ ተነካ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሕፃናት ትምህርት ስፍራ ሰጠ፤ በ2002 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል የሚባለው እየተስፋፋ ሄደ። ይህ መልካም ነው፤ በዛፉ ጥላ ሥር ይቀመጡ የነበሩት አብዛኞቹ ወንዶች ሲሆኑ፥ አሁን ሴቶች ልጆችም ይገባሉና። ነገር ግን ዛፍ በሌለበት ግቢ የዛፍ ሥዕል በግድግዳ ለጥፎ ሥር፥ ግንድ፥ ቅጠል ማስባል፥ ቅጠሉን ዳስሶና አሽትቶ ከመማር ጋር አይተካከልም። ዜሮ ክፍልና ደብር በሚቀራረቡበት ቦታ፥ ልጆቹን በሳምንት አንድ ቀን ወደ ዐጸዱ ለማምጣት ከመምህራኑና ከካህናቱ ፈቃድ በቀር የሚጠይቀው ወጪ የለም።

ሆኖም የሚመጡበት ዐጸድ ራሱ እንዳይጠፋ ያስፈራል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በጎረቤት አገር በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው 168 ዓይነት እንጨትነት ያላቸው ዕፅዋት አግኝተዋል። ከዚሁ ጋር ከብት በሚገባበት ዐጸድ ችግኙ እየተበላና እየተረገጠ እንደሚያልቅ፥ የብዙዎቹም አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተከማችቶ እንደማይገኝ አስረድተዋል። እንግዲህ አሮጌው ዛፍ ልጅ ሳይተካ ከወደቀ በኋላ ከመሬቱ ውስጥ የሚነሣለት የለም። ለወገራም ደጋ ነገሩ የሚለይ አይመስልም፤ ከብቱም ያው ከብት፥ ወይራውም ያው ወይራ ነው።

ስለዚህ እኒህ ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ጋር ሆነው፥ ካህናቱንና ሕዝቡን አስተባብረው፥ በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ ቅጥር እንዲሠራ አደረጉ። ድንጋዩን ገበሬዎቹ ከገዛ እርሻቸው ለቀሙት። እርሻው ለማረሻ ተመቸ፥ ዐጸዱም እንደ ስሙ ታጠረ፥ ከብቱም ከውጭ ቀረ።