ነፃው መድኃኒትና የጎደጎዱት ጉንጮች

ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ከኪሱ ይከፍል ለነበረ ታካሚ እፎይታ ነበር። ሆኖም ሲዲ ፎሩ ከ200 በላይ የሆነና ሌላ ከባድ ምልክት የሌለው ሰው «ገና ነህ» ተብሎ ይመለስ ነበር። ከጀመሩትም ብዙዎቹ የሚወስዱት ስታቩዲን ነበር፤ ሕይወት ያተርፋል፣ ግን እግር ያደነዝዛል፣ ጉንጭ ያጎደጉዳል። በጉንጬ ይታወቅብኛል ብሎ ከሰው የራቀ ስንቱ ነው!

ዛሬ ስታቩዲን ቀርቷል፤ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ሲዲ ፎሩ እስኪወርድ ሳይጠብቅ ይጀምራል። እናንተ ግን መድኃኒት ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ። «የቫይረስ መጠን ምርመራዬ መቼ ተሠራ? ውጤቱስ ስንት ነው?» በሉ። ለልጃችሁም ጠይቁ፤ ክብደቱ ሲጨምር የመድኃኒቱም መጠን መስተካከል አለበት፤ በየቀጠሮው ይመዘን።