ንስር ያልኋት ወፍ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት ወፍ እግሮቿን አስቀድማ ውኃው ውስጥ ስትወረወር፣ ዓሣም ይዛ ስትወጣ አየሁ። የዚያኑ ምሽት ግጥም ጻፍሁላት፤ በግጥሙም «ንስር» አልኋት። የባንክ ሠራተኛ ነኝና የአንዱን ሒሳብ በሌላው ስም መመዝገብ ምን ያህል ነውር እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ለካ ያንኑ ስሕተት በግጥም ሠርቼው ኖሯል።

ወፏ ፈረንጆች ኦስፕሬይ የሚሏት ናት፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽታ ወደ ሐይቆቻችን ትወርዳለች። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ፣ ከንስርና ከገዴ ቀጥላ «ዓሣ አውጭ» የምትባል ወፍ ትጠራለች። የግሪኩ ትርጉም በዚያ ስፍራ «ሃሊያኤቶስ» ይላል፤ የባሕር ንስር እንደ ማለት ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለወፏ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ ይህንኑ ቃል ወሰደ፤ ወገኗን ግን ከጭልፊቶች ጋር ደመረው።

ከዚያ መዝገብ ያወጣት ፈረንሳዊው ሳቪኚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1798 የናፖሊዮንን ዘመቻ ተከትሎ ግብፅ የወረደ ወጣት ተመራማሪ ነበር። በ1809 «ፓንዲዮን» የሚል፣ ለብቻዋ የሆነ የወገን ስም ሰጣት። (በግሪኮች ተረት ወደ ባሕር ንስር የተለወጠው ኒሶስ ነው፤ ፓንዲዮን አባቱ ነው። በአባት ስም መጠራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም!)

ሳቪኚ እውነት ነበረው። እግሯን ይመልከቱ። ንስርና ጭልፊት ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ኋላ አላቸው፤ እርሷ ግን የውጭውን ጣት ወደ ኋላ አዙራ ዓሣውን ሁለት በሁለት ትጨብጠዋለች። ይህንስ ጉጉትም ይችልበታል። ነገር ግን የእርሷ መርገጫ እሾህ በመሰሉ ቅርፊቶች የሻከረ ነው፤ የሚያዳልጠው ዓሣ አያመልጣትም። ጥፍሯም እንደ ሌሎቹ ከሥሩ የተቦረቦረ ሳይሆን ዙሪያውን ድቡልቡል ነው። ስትጠልቅ አፍንጫዋን ትዘጋለች። ራሱ ነጭ የሆነው፣ የሐይቆቻችን ነዋሪ ዓሣ አዳኝ ንስር አብዛኛውን ጊዜ ከውኃው ገጽ ላይ ይነጥቃል፤ እርሷ እስከ አንድ ሜትር ያህል ትሰጥማለች። ስትበርም ዓሣውን ራሱን ወደ ፊት አድርጋ ትሸከመዋለች። ከዓሣ በቀር ሌላ አደን እምብዛም አታውቅም።

ይህን ሁሉ ለይቶ ያየው ሳቪኚ በኋላ ዓይኖቹ ታመው ረጅም ዘመን በጨለማ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1851 ዐረፈ። ይህን ሳነብ ግጥሜን ከመሳቢያ አወጣሁ። «ንስር» የሚለውን ሰርዤ «ዓሣ አውጭ» አልሁ። ሦስተኛው ስንኝ ግን እስካሁን ቤት አልመታ ብሎኛል።