የላውዘን ምንጭና ከኮረብታው ማዶ ያለው ወንዝ

የምንጭን ውሃ ንጽሕና ለመመርመር ከምንጩ አፍ ቆሞ መቅዳት ይበቃልን? ወይስ ውሃው የሚመጣበትን አገር ሁሉ መመልከት ያሻል? ይህ ጥያቄ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. በስዊስ አገር፣ ከባዝል ከተማ ብዙ በማትርቅ ላውዘን በምትባል መንደር በብርቱ ተነሥቶ ነበር።

በዚያ ዓመት በኦገስት ወር የአንጀት ተስቦ (ታይፎይድ) በድንገት ገባና፣ 800 ከማይሞላው ሕዝብ 130 ያህሉን አልጋ ላይ ጣለ። መንደርተኛው የሚጠጣው ከኮረብታ ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ ነበር፤ የገዛ ጕድጓዳቸውን ይቀዱ የነበሩት ስድስት ቤቶች ግን ከበሽታው ዳኑ። እንግዲህ የተጠረጠረው ምንጩ ነው።

ሄግለር የተባለው የባዝል ሐኪም ፊቱን ወደ ኮረብታው ማዶ መለሰ። በዚያ፣ በፉርለር ሸለቆ፣ ለብቻው በቆመ አንድ የገበሬ ቤት ውስጥ ቀደም ብሎ አራት ሰዎች በዚሁ ተስቦ ታመው ነበር፤ የቤቱም እድፍ የሚወርደው ወደ ወንዙ ነው። ወንዙ ተገድቦ መስኩን ሲያጠጣ የላውዘን ምንጭ እንደሚጨምር ባላገሩ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ከ10 ዓመት ያህል በፊትም በወንዙ ወለል ላይ ጕድጓድ ተከፍቶ ውሃው ሲሰርግ ምንጩ ጥቂት ቆይቶ ሞልቷል። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ዋና ምስክር ይህ የባላገር ትዝብት ነው፤ ያለ እርሱ ሐኪሙ ከየት ይጀምር ኖሯል?

ጕድጓዱ እንደገና ተከፈተና 900 ኪሎ ያህል ጨው ተጨመረበት፤ የላውዘንም ውሃ ጨው ጨው አለ። ቀጥሎ 2500 ኪሎ ያህል ዱቄት ተበጥብጦ ፈሰሰ፤ ከዱቄቱ ግን አንዲት ቅንጣት እንኳ በምንጩ አልታየችም።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የተሞከረው ዱቄቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ መሬቱ ውሃውን አጥልሎ ያነጻዋልና ምንጩ ደኅና ነው ተብሎ በተፈረደ ነበር። ጨውም ብቻውን የሚሟሟ ነገር ማለፉን እንጂ ሌላ አይነግርም። ሁለቱ ከሕሙማኑ ቍጥር ጋራ ሲታዩ ግን፣ ዱቄትን ያገደው መሬት በሽታውን እንዳላገደ ይመሰክራሉ። ምክንያቱ የተገለጠው ኋላ ነው፤ ኤበርት የተስቦውን ባክቴሪያ በ1880 በማይክሮስኮፕ አየው፣ ጋፍኪም በ1884 ለይቶ አራባው። መጠኑም ከዱቄት ቅንጣት እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።