ለመጻፍ ጫካ መግባት

በእኛ አገር «እገሌ ጫካ ገባ» ከተባለ ሸፍቷል ማለት ነው። «ዋሻ ገባ» ከተባለ ደግሞ መንኗል። «አይ፣ ሊጽፍ ሄዶ ነው» ብሎ ለጎረቤት ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ሄያጇ ሴት ስትሆን ነገሩ ይብሳል። «ወንጪ ሄጄ ሁለት ወር ብቻዬን ልጽፍ ነው» የምትል ልጅ፣ የመጽሐፏን የመጀመሪያ መስመር ሳትጀምር የእናቷን፣ የአባቷንና የአክስቶቿን ጥያቄ መመለስ አለባት።

ምኞቱ ግን አለ። በእኛ ዕድሜ ካሉ የጽሑፍ ሰዎች መካከል «ጸጥ ያለ ቦታ ባገኝ ይሄኔ አንድ መጽሐፍ ይወጣኝ ነበር» ያላለ ጥቂት ነው። ጎረቤት ሙዚቃ ያስጮኻል፣ መብራት ይጠፋል፣ የታክሲ ሰልፍ ቀኑን ይበላዋል። መጽሐፉም ላንጋኖ እስኪኬድ ድረስ ይጠብቃል። እናም ዛሬ ታሪክ እናገላብጥ። ርቀው የሄዱት ሰዎች እውን እዚያ ጻፉ ወይ? እዚያ ሳሉስ ማን አበላቸው?

ከቤታችን እንጀምር። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» እንደሚነግረን፣ ባለታሪኩ እ.ኤ.አ በ1599 አክሱም አካባቢ ተወለደ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን መምህር ነበር። አንድ ጠላቱ ንጉሡ ዘንድ ሲከሰው፣ ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ሸሸ። ወደ ሸዋ ሲጓዝ ተከዜ አጠገብ፣ ከጥልቅ ሸለቆ ሥር፣ ዋሻ አገኘ። ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጠ።

በዋሻው ውስጥ ጸለየ፣ አሰበ፣ ጠየቀ። ፈጣሪ አለ ወይ? ካለስ ሰዎች በስሙ ለምን ይጣላሉ? ከሊቃውንት ጋር ከኖረበት ዘመን ይልቅ ዋሻው ውስጥ ብዙ እንደተማረ ራሱ ይናገራል። መጽሐፉ የተጻፈው ግን እዚያ አይደለም። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ በ1632 ሲሞቱ ከዋሻው ወጣ፤ እንፍራዝ ገብቶ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠጋ፤ ዳዊት እየገለበጠ እንጀራውን በላ። የዚያን ቤት አገልጋይ ኂሩትን አገባ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸውና ከእንግዲህ አገልጋይ አትባልም አለ። ሐተታውን የጻፈው እ.ኤ.አ በ1667፣ በ68 ዓመቱ፣ ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለለመነው ነው። ከዋሻው ከወጣ 35 ዓመት አልፎት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር መደበቅ አይገባም። የሐተታውን ቅጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ አውሮፓ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ በ1920 «ደራሲው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» ብሎ ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ብዙ ደከሙበት። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። ያም ሆነ ይህ የጻፈው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ማሰቢያውን ዋሻ፣ መጻፊያውን ቤት አድርጎታል።

ሁለተኛው ሰው በሌላ አህጉር፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ለመጻፍ ዱር መግባት ሲነሳ ዓለም ቀድሞ የሚጠራው አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ነው። እ.ኤ.አ ሐምሌ 4 ቀን 1845 ዋልደን ኩሬ ዳር ራሱ የሠራት አንዲት ክፍል ቤት ገባ። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን ቆየ። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቃል። መሬቱ የወዳጁ የኤመርሰን እንደነበር ግን ብዙም አይወራም። የትውልድ ከተማው ኮንኮርድ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ያህል ናት፤ ቤተሰቡ ጋ እየሄደ ይበላ ነበር። ባቡርም በኩሬው አጠገብ ያልፍ ነበር።

እዚያ ሳለ ከሟች ወንድሙ ጋር በጀልባ ስላደረጉት ጉዞ አንድ መጽሐፍ አረቀቀ፤ «ዋልደን»ንም ጀመረ። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1849 ወጣ፤ ከታተመው 1,000 ቅጂ 706ቱ ሳይሸጥ ቤቱ ተመለሰለት። «ዋልደን» ደግሞ ሰባት ጊዜ ተረቅቆ በ1854 ታተመ። ከጫካው ከወጣ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። በመንግሥት ላይ አልተባበርም ስለማለት የጻፈው ዝነኛ ጽሑፉስ? መነሻው እ.ኤ.አ በ1846 ያደረባት አንድ የእስር ሌሊት ናት። የተያዘውም ጫማውን ከጫማ ሰፊ ሊወስድ ከተማ በወረደበት ቀን ነው። ጫካውን ሙጭጭ ብሎ ቢይዝ ኖሮ ያ ጽሑፍ ባልኖረ ነበር።

ሦስተኛው እዚያው ሩቁ ቦታ ላይ ጽፎ ጨርሷል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ጆርጅ ኦርዌል ሚስቱ በ1945 ሞታበት፣ እ.ኤ.አ በ1946 ጁራ ወደምትባል የስኮትላንድ ደሴት ሄደ። ባርንሂል የሚባለው ቤት ኤሌክትሪክ አልነበረውም፤ መንገዱም መኪና የሚሰብር ነበር። «1984»ን የጻፈው እዚያ ነው። ግን ብቻውን አልነበረም። ቤቱን የምትመራው፣ ትንሹንም የማደጎ ልጁን የምታግዘው እህቱ አቭሪል ነበረች። የሳንባ ነቀርሳው ሲብስበት ሆስፒታል ገባ። በ1948 ክረምት አጋማሽ ተመልሶ ረቂቁን ሲጨርስ፣ ደሴቷ ድረስ መጥቶ የሚተይብለት ሰው ታጣ። ታምሞ አልጋ ላይ ሆኖ ራሱ ተየበው። መጽሐፉ ሰኔ 1949 ወጣ፤ ደራሲው ጥር 1950 በ46 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። ዋሻው ሐሳብ ሰጠ፤ መጽሐፉ ግን 35 ዓመት ጠበቀ። ኩሬው ረቂቅ ሰጠ፤ መጽሐፉ ከተማ ውስጥ አለቀ። ደሴቷ መጽሐፉን ሰጠች፤ የደራሲውን አቅም ግን ጨረሰችው። ርቆ መሄድ ከንቱ ነው እያልን አይደለም፤ ሦስቱም ባይሄዱ ኖሮ የጻፉትን ባልጻፉት ነበር። ነገር ግን ሦስቱንም ሌላ ሰው ይዟቸዋል። ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ሲወጣ ሰዎች ባሕታዊ መስሏቸው ምግብ ይሰጡት ነበር። ቶሮን ኤመርሰን መሬት፣ ቤተሰቡ ማዕድ ሰጥተውታል። ኦርዌልን አቭሪል። ብቻ የሚኖር ሰው የሚበላውን የሚያቀርብለት አለ፤ በታሪክም ስሙ የሚቀረው የጸሐፊው ነው።

ይህ ነገር በተለይ እኛን ሴቶቹን ይመለከተናል። የአቭሪልን ሥራ በየቤታችን እንሠራዋለን፤ የወንድሟን ሰዓት ግን ማን ይሰጠናል? ላንጋኖ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ሁለት ሰዓት ግን እዚሁ አዲስ አበባ ልትገኝ ትችላለች፤ ወንድም ዕቃውን ካጠበ፣ እናት «እንግዳ መጥቷል፣ ቡና አፍዪ» ካላሉ፣ ስልኩ ከተዘጋ። ከቦታው በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ የእኔን ድርሻ ለሁለት ሰዓት ማን ይሸከምልኛል?

ዘርዓ ያዕቆብን ደግሞ በመጨረሻ ያስጻፈው ቦታ አልነበረም። «ያሰብከውን ጻፍልኝ» ያለው አንድ ተማሪ ነው። ሁላችንም አንድ የማይጽፍ ጓደኛ አለን። ዛሬ ማታ ደውለን «ያ ጽሑፍ የት ደረሰ?» ብንለው ወንጪ ድረስ ከመሸኘት ይሻለዋል።

ቸር እንሰንብት።