ነጭ የደም ሴል «አነሰ» ሲባል

እዚህ መካነ ሰላም ከቦረና ገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ እናቶች የላብራቶሪ ወረቀት ዘርግተው «ዶክተር፣ ነጭ የደም ሴሉ አንሷል ተባለ፤ ልጄ ምን ሆኖ ነው?» ይሉኛል። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ አጠገብ «ኤል» የምትል የፈረንጅ ፊደል አለች። እሷ ናት የምታስደነግጠው።

ነጭ የደም ሴሎች በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም በየቀኑ በብዛት ይሞታሉ። ተዋሲያንን ለመዋጋት የተባዙት ሥራቸው ሲያልቅ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ተቆራርሰውም በሌሎች ሴሎች ይዋጣሉ። ኬር፣ ዋይሊና ከሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ሞት «አፖፕቶሲስ» አሉት፤ በግሪክኛ የቅጠል መርገፍ እንደማለት ነው። ሞቱ ሲስተጓጎል ጉድ ነው፦ በዘር የሚተላለፍ እንዲህ ያለ ችግር ያለባቸው ልጆች ንፍፊታቸውና ጣፊያቸው ያብጣል።

ታዲያ ለእኛ ሰው ስንት ነው «ትክክለኛው» ቁጥር? እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተጀመረ። ተመራማሪዎቹ ኤችአይቪ የሌለባቸውን ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከጤነኛ ሆላንዶች ጋር ሲያወዳድሩ፣ የእኛዎቹ ሲዲ4 ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ገና ተዋሲያን ያልገጠሟቸው ሴሎች ጥቂት፣ ለውጊያ የነቁት ግን ብዙ ነበሩ። ውጤቱ በ1999 ታተመ።

ዘራችን ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጥናት አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ጭምር አየ። ሲወለዱ ይህ ልዩነት የለም፤ በልጅነት ቀስ በቀስ ይመጣል። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ አካባቢያችን፣ ወደ ሆድ ትላትሎችና ወደ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ዞረ። የነቃ ሴል ዕድሜው አጭር ነው። (ኮሶ ሲጠጣ ላደገ ደገኛ የትል ነገር አዲስ ወሬ አይደለም!)

የብዙ ማሽኖች መለኪያ የተወሰደው ከውጭ አገር ሰዎች ነው። ልጅዎ የሚጫወት፣ የሚበላና ክብደት የሚጨምር ከሆነ በትንሹ ያነሰ ቁጥር ብቻውን በሽታ ነው አልልዎትም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምርመራውን እንደግመዋለን። ትኩሳት የሚመላለስበት፣ አፉ የሚቆስል ወይም የሚከሳ ልጅ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ያምጡት።

የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ፣ ይህን አንብባችሁ አንዲት ኪኒን እንዳታቋርጡ።