ለኪው ወይስ ብልሃተኛው?

ሜልበርን ውስጥ የያራን ወንዝ የሚያሻግር ሞሬል የሚባል ድልድይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1899 ያለቀ ነው፤ ዛሬ መኪና አያልፍበትም፣ የእግረኛና የብስክሌተኛ ሆኗል። ብረት የተቀበረበት ኮንክሪቱ ያኔ የሚታወቀው “የሞኒዬ ዘዴ” በሚል ስም ነበር። ጆሴፍ ሞኒዬ ፈረንሳዊ አትክልተኛ ነው። የተክል ማሳደጊያ ገንዳ ሲሠራ ሲሚንቶውን በብረት መረብ አጠናከረና በ1867 የፈጠራ መብት አወጣበት። ዘዴውን ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ያስፋፋው ደግሞ እዚያው ተወልዶ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጆን ሞናሽ ነው።

ከሁለቱ መሐንዲሱ ማን ነው? መልሱ እንደምንፈታው ቃል ይለያያል።

“መሐንዲስ” ከዐረብኛው “ሙሃንዲስ” የመጣ ነው። ዐረቦቹም ከፋርሶች ወሰዱት፤ በፋርስኛ “አንዳዜ” ልክ፣ መጠን ማለት ነው። በዐረብኛ “ዘ” ከ“ደ” ቀጥሎ ስለማይመጣ “ሰ” ሆነ። አማርኛም ቃሉን እንደ እንግዳ አላስቀመጠውም። ከግሪክኛ ከመጣው “መነኩሴ” “ምንኩስና”ን እንዳወጣ፣ ከ“መሐንዲስ”ም “ምሕንድስና”ን አወጣ። መሐንዲስ እንግዲህ ከሥሩ ለኪ ነው። በዚህ ፍቺ ማዕረጉ የሞናሽ ነው።

“ኢንጂነር” ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ሥሩ የላቲኑ “ኢንጌኒየም” ነው፤ አብሮ የተወለደ ብልሃት ማለት ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ ብልሃቱ የጦር መሣሪያውም ስም ሆነ፤ መሣሪያውን የሚሠራውም በዚያው ተጠራ። ዛሬም ፈረንሳዮች “ዤኒ” ሲሉ የላቀ አእምሮም፣ ምሕንድስናም ይሆናል። በዚህኛው ፍቺ ደግሞ ማዕረጉ የአትክልተኛው ነው።

ፈረንሳይ ግን አብሮ ይወለዳል ያለችውን ብልሃት በፈተና ታጣራዋለች። የድልድይና የመንገድ ትምህርት ቤቷ በ1747፣ ኤኮል ፖሊቴክኒክ በ1794 ተመሠረቱ። መግቢያቸው “ኮንኩር” የሚባል ውድድር ሲሆን የላቲን ሥሩ “አብሮ መሮጥ” ነው። በ1991 በፓሪስ ያሉ ስመ ጥር የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች እነሱም አብረው ሊሮጡ ኅብረት ፈጠሩ፤ ኋላ ፓሪስቴክ ተባለ።

የሜልበርን ዩኒቨርሲቲዎችም ኅብረት አላቸው። የሜልበርን ዩኒቨርሲቲና በ1958 በሞናሽ ስም የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ “የስምንቱ ቡድን” የሚባለው የአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት አባላት ናቸው። “ዩኒቨርሲታስ” በመካከለኛው ዘመን ላቲን የመምህራንና የተማሪዎች ማኅበር ነበር። የዩኒቨርሲቲዎች ኅብረት እንግዲህ የማኅበሮች ማኅበር ነው፤ ሁለቱም ቃላት ከግእዙ “ኀበረ” ይወለዳሉና።

የለኪው ስም በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ተጽፏል። የአትክልተኛው ግን ከራሱ ዘዴ ላይ ወልቋል። አዲስ አበባ ያለ ግንበኛ ኮንክሪት ውስጥ የሚቀብረውን ብረት በጣልያኖቹ ቃል “ፌሮ” ይለዋል፤ ሞኒዬ ብሎ የሚጠራው የለም።